የጡረታ አበልና የትዳር ማስረጃ



አንድ ወታደር ወይም አንድ የመንግሥት ሠራተኛ ከዚህ ዓለም በሞት ሲለይ አበሉ ለማን ይተላለፋል? ቢባል፥ ለትዳር ጓደኛውና ለልጆቹ ነው ብሎ መመለስ ቀላል ይመስላል። ነገር ግን ሚስት ማን ናት? ባልስ ማን ነው? የሚለው በሕግ ካልታወቀ ነገሩ ከዳኞች ፊት መድረሱ አይቀርም።

ለዚህም የአሜሪካ ታሪክ ምሳሌ ይሆነናል። በዚያ አገር ስለ ቀድሞ ወታደሮች መብት የወጣው ሕግ የትዳር ጓደኛ ማለት ተቃራኒ ፆታ ያለው ሰው ነው ይል ነበር። እ.ኤ.አ. በ1996 የወጣ ሌላ ሕግም ይህንኑ ለማዕከላዊው መንግሥት ሕጎች ሁሉ አጸናው። ኋላ ግን አንዳንድ ግዛቶች የተመሳሳይ ፆታ ጋብቻን ስለ ፈቀዱ፥ በግዛቱ ሕግ ባለትዳር የተባለ ወታደር በማዕከላዊው መንግሥት ዘንድ እንደ ላጤ ተቈጠረ። ኢራቅ ዘምታ የተመለሰች አንዲት የቀድሞ ወታደርም፥ በአካል ጉዳት አበልዋ ላይ ለትዳር ጓደኛ የሚጨመረውን ድርሻ ስለ ተከለከለች መንግሥትን ከሰሰች። እ.ኤ.አ. በጁን 2013 ጠቅላይ ፍርድ ቤት የ1996ቱን ሕግ ዋና ድንጋጌ ሻረ፤ በኦገስት የሎስ አንጀለስ የፌዴራል ፍርድ ቤት ለከሳሽዋ ፈረደላት፤ በሴፕቴምበርም መንግሥት የቀድሞ ወታደሮችን የሚመለከተውን ድንጋጌ ማስፈጸም ተወ። ለሟች ወታደር ተተኪ የሚሰጠው አበል ግን ጋብቻው የተወሰነ ጊዜ እንዲቈይ ይጠይቅ ስለ ነበር፥ መጋባት ተከልክለው የኖሩት ሳያገኙ ቀሩ። ይህም እ.ኤ.አ. በ2022 ተስተካክሎ፥ እንደ ባለትዳር አብረው የኖሩበት ዘመን እንዲቈጠርላቸው ተደረገ።

በአገራችን ሕጉ ሌላ ነው። የቤተሰብ ሕጋችን ጋብቻ በወንድና በሴት መካከል እንደሚፈጸም ይደነግጋል፤ የተመሳሳይ ፆታ ግንኙነትም በ1996 ዓ.ም. በወጣው የወንጀል ሕግ ያስቀጣል። በእኛ ዘንድ አብዝቶ የሚያስቸግረው የማስረጃ ጉዳይ ነው።

የሲቪልና የጦር ሠራዊት ጡረታ በ1955 ዓ.ም. በአዋጅ ቍጥር 209 ተደንግጎ ነበር፤ አሁን የሚሠራበት አዋጅ ቍጥር 1267/2014 ነው። ለሟች ሚስት ወይም ባል የአበሉ 50 በመቶ፥ ለአካለ መጠን ላልደረሰ ለእያንዳንዱ ልጅ 20 በመቶ ይከፈላል። የአማራ ክልል የቤተሰብ ሕግ አዋጅ ቍጥር 79/1995 ደግሞ በክብር መዝገብ፥ በሃይማኖትና በባህል የተፈጸመን ጋብቻ እኩል ያውቃል። ስለዚህ በጫግኒ በቤተ ክርስቲያን ወይም በሽማግሌ ፊት የተጋቡ ሁሉ ባለትዳሮች ናቸው።

ሆኖም ጋብቻ መኖሩ አንድ ነገር፥ ማስረዳቱ ሌላ ነገር ነው። የምስክር ወረቀት የሌላት ሚስት፥ ገና ከኀዘንዋ ሳትጽናና ምስክር አሰባስባ ፍርድ ቤት መቆም ግድ ይሆንባታል። በዚያ ላይ ሌላ ተከራካሪ ቢነሣ የልጆች ቀለብ እስከ ፍርድ ቀን ይዘገያል።

ስለዚህ የወሳኝ ኵነት ምዝገባ በአዋጅ ቍጥር 760/2004 ተደንግጎልናልና፥ ባለትዳሩ ሁሉ ጋብቻውን ያስመዝግብ፤ በመሥሪያ ቤቱ ባለው የግል ማኅደሩም ማስረጃውን ያስቀምጥ። ቢፋታም እንዲሁ ያሳውቅ። ይህ የአንድ ቀን ድካም ነው፤ ለሚቀሩት ቤተሰቦች ግን የዘመን ዕረፍት ይሆናል።