ከጎን ማየት እንዴት ይሠራል?

ይህን መስመር ስታነቡ ዓይናችሁ ከግራ ወደ ቀኝ የሚንሸራተት ይመስላችኋል። አይደለም፣ እየዘለለ ነው። አንድ ቦታ ላይ ሩብ ሰከንድ ያህል ያርፍና ወደ ቀጣዩ ይዘላል፤ በአንድ ሰከንድ ሦስት አራት ጊዜ።

ለምን እንደሚዘል እንሞክረው። እዚህ ገጽ ላይ አንድ ቃል ምረጡና አፍጥጣችሁ እዩት። ዓይናችሁን ሳታነቃንቁ አራት ጣት ያህል ራቅ ብሎ ያለውን ቃል አንብቡ። እዚያ ጽሑፍ እንዳለ ይታወቃችኋል፤ ሰ ይሁን ሱ ግን አይለይም።

አሁን ክንዳችሁን ወደ ፊት ዘርጉና የአውራ ጣታችሁን ጥፍር እዩ። ዓይናችሁ በአንድ ጊዜ አጥርቶ የሚያየው ያንን ያህል ብቻ ነው። ይህ ሥራ የሬቲና (በዓይን ጀርባ ብርሃን የሚቀበለው ስስ ሽፋን) እምብርት ላይ ያለች፣ ሁለት ሚሊሜትር እንኳ የማትሞላ ጎድጓዳ ነጥብ ነው። ያለችበት ክፍል ማኩላ ይባላል። መብራት በጠፋበት ሌሊት ባትሪ ይዞ ዕቃ እንደሚፈልግ ሰው፣ ዓይናችሁም ያቺን ነጥብ ቀኑን ሙሉ ከነገር ወደ ነገር ያዞራታል።

ማዞሩን ግን አናውቀውም። መስታወት ፊት ቁሙና ግራ ዓይናችሁን ከዚያም ቀኝ ዓይናችሁን ተመልከቱ። ዓይናችሁ ሲንቀሳቀስ አታዩትም፤ አጠገባችሁ የቆመ ሰው ግን ያየዋል።

እንግዲህ ያቺ ነጥብ ብትጎዳስ? ዕድሜ ሲገፋ ማኩላ የሚጎዳባቸው ብዙ ሰዎች አሉ። ጀርመናዊው ሐኪም ካርል ስታርጋርት በ1909 እ.ኤ.አ. የገለጸው፣ ይህንኑ ክፍል የሚጎዳ ሕመም ደግሞ ብዙውን ጊዜ በልጅነት ወይም በወጣትነት ይጀምራል። ማኩላው የተጎዳ ሰው በሩን፣ ወንበሩን፣ የረከቦቱን ጠርዝ ያያል፤ ሊያነሣው የሚፈልገው ስኒ ግን ይሰወርበታል። የገባውን ሰው በአረማመዱ ያውቀዋል፣ ፊቱን ግን አይለይም። ከሁሉ የሚከፋው፣ አተኩሮ ባየ ቁጥር የሚፈልገው ነገር ይጠፋዋል፤ ዓይን በለመደው ልማድ የተጎዳችውን ነጥብ እያነጣጠረ ነውና።

ይህን ጤነኛ ዓይን ያለውም ሰው ሊቀምሰው ይችላል። ጨለማው በጠና ሌሊት ደጅ ውጡና በጣም ደብዛዛ ኮከብ ፈልጉ። ቀጥ ብላችሁ ስታዩት ይጠፋል፤ ዓይናችሁን ትንሽ ዘወር ስታደርጉ ይመለሳል። መሀሏ ነጥብ በደካማ ብርሃን አትሠራም፣ ዙሪያዋ ያለው ግን ይሠራል።

ከጎን የማየት ሥልጠና የቆመው በዚሁ ላይ ነው። አሠልጣኙ ፊት ለፊት ይቀመጥና “አፍንጫዬን እዩ” ይላል። አፍንጫው የለም። “አሁን ከፀጉሬ በላይ እዩ፤ አሁን ወደ ጆሮዬ፤ አሁን ከአገጬ በታች” እያለ ዙሪያውን ያስኬዳል። ከአቅጣጫዎቹ በአንዱ ፊቱ ብቅ ይላል። አዲሱ መመልከቻ ተገኘ ማለት ነው። ቀሪው ሥራ ዓይን በየጊዜው ወደዚያው እንዲዘል ማልመድ ነው፤ አጠር እያለ በየቀኑ፣ ለሳምንታት። ያደክማል። አንዳንዱ ሰው ማንም ሳያሳየው አዲሱን ቦታ በራሱ ያገኘዋል።

ለማንበብ አቅጣጫው ልዩነት አለው። ከግራ ወደ ቀኝ ለምናነብ ሰዎች፣ የጠፋው ክፍል በስተቀኝ ቢውል የሚመጣውን ቃል ይሸፍናል። ከመስመሩ በላይ ወይም በታች ቢውል ግን መስመሩ ሙሉ ሆኖ ይታያል። ስለዚህ ብዙ ጊዜ ከጽሑፉ ትንሽ ከፍ ወይም ዝቅ አድርጎ ማየት ይለመዳል። ሌላም ብልሃት አለ፦ ዓይን እንዳይዘል አንድ ቦታ ላይ አርግቶ ወረቀቱን ወደ ግራ መሳብ። የሬቲና ዳር እንደ መሀሉ አጥርቶ ስለማያይ ፊደሉ ጎላ፣ ብርሃኑም በርታ ማለት አለበት። በ እና ቡን የምትለየው ቅጥያ ምን ያህል ትንሽ እንደሆነች አስቡት!

ሥልጠናው የተጎዳውን አያድንም፣ የቀረውን እይታ እንድንጠቀምበት ያደርጋል እንጂ። የበር ጠርዝ ወይም የደብተር መስመር ድንገት ከተጣመመባችሁ ሳትውሉ ሳታድሩ ዓይን ሐኪም ዘንድ ሂዱ፤ በጊዜ ሲደረስበት ሕክምና የሚገታው የማኩላ ጉዳት ዓይነት አለ።

አያታችሁ ሲያነጋግሯችሁ ከጆሯችሁ በላይ የሚመለከቱ ከሆነም “ወደ እኔ ይዩ እንጂ” አትበሏቸው፤ እያዩአችሁ ነው። ብርሃን ፊታችሁ ላይ እንዲያርፍ ሆናችሁ ተቀመጡ፣ ስትገቡም ሰላምታችሁን ከስማችሁ ጋር ስጧቸው።