የተደራረቡ የጊዜ ክልሎችን ማዋሐድ፦ የቡና ለቀማ መርሐ ግብር እንደ ማሳያ

የተደራረቡ የጊዜ ክልሎችን ማዋሐድ ለፕሮግራም አዘጋጅነት ሥራ በሚሰጥ የቅጥር ፈተና ዘወትር ከሚቀርቡ ጥያቄዎች አንዱ ነው። ጥያቄው ረቂቅ ቢመስልም፣ በሚዛን ተፈሪና በቴፒ ዙሪያ ባሉ የቡና እርሻዎች ተግባራዊ መልክ ይይዛል። ቡና በቆላማው ማሳ ቀድሞ፣ ከፍ ባለው ዘግይቶ ስለሚቀላ የማሳዎች የለቀማ ጊዜ ይደራረባል። ለእጥበት የተለቀመ እሸት ቡና ደግሞ በዕለቱ ሊፈለፈል ይገባል። ስለሆነም መፈልፈያው ለስንት ቀናት ክፍት እንደሚሆን አስቀድሞ ማስላት ያስፈልጋል።

ለማሳያ ያህል አራት ማሳዎች ይታሰቡ፦ ሀ ከመስከረም 5 እስከ 20፣ ለ ከመስከረም 8 እስከ 12፣ ሐ ከመስከረም 18 እስከ 30፣ መ ከጥቅምት 6 እስከ 15 ይለቀማሉ። ከጳጉሜን በስተቀር ወራቱ 30 ቀናት ስላሏቸው፣ መስከረም 1ን 1፣ ጥቅምት 1ን 31 በማለት ቀኖቹን ወደ ተከታታይ ቁጥር መለወጥ ይቻላል። የየማሳውን ቀናት ማለትም 16፣ 5፣ 13 እና 10 መደመር 44 ይሰጣል፤ ይህ ግን የተደራረቡትን ቀናት ደግሞ ይቆጥራል።

መፍትሔው ሁለት ደረጃዎች አሉት። በቅድሚያ ክልሎቹ በመነሻ ቀናቸው ይደረደራሉ። ቀጥሎ የተረኛው መነሻ ከተያዘው ክልል ማብቂያ ካልበለጠ ሁለቱ ይዋሐዳሉ፤ ከበለጠ የተያዘው ተዘግቶ አዲስ ክልል ይጀመራል። ድርደራው ወሳኝ የሆነው፣ ተረኛው የተያዘውን ክልል ካልነካ ከእርሱ በኋላ የሚመጡትም ሊነኩት ስለማይችሉ ነው። በዚህም ምክንያት ክልሎቹን ሁሉ ጥንድ ጥንድ አድርጎ ማነጻጸር ይቀራል፤ ከድርደራው በኋላ አንድ ዙር ፍተሻ ይበቃል።

የተለመደው ስሕተት በውሕደቱ ጊዜ የተረኛውን ማብቂያ እንዳለ መውሰድ ነው። ማሳ ለ ሙሉ በሙሉ በማሳ ሀ ጊዜ ውስጥ ስለሚወድቅ፣ የእርሱ ማብቂያ ከተወሰደ ክልሉ መስከረም 12 ላይ ያከትማል፤ ከመስከረም 13 እስከ 17 ያሉት 5 ቀናት ይጠፋሉ፤ ድምሩም 31 ይሆናል። መወሰድ ያለበት ከሁለቱ ማብቂያዎች የሚዘገየው ነው። ትክክለኛው ውጤት ከመስከረም 5 እስከ 30 እና ከጥቅምት 6 እስከ 15፣ በድምሩ 36 ቀናት ነው።

የሁለቱ ስሕተቶች ክብደት እኩል አይደለም። በ44 ያቀደ ለ8 ትርፍ ቀናት ወጪ ይመድባል። በ31 ያቀደ ግን የማሳ ሀ ለቀማ ሳያበቃ መፈልፈያውን ይዘጋል፤ የተለቀመው እሸትም በክምር ላይ ይበላሻል። ስለዚህ ፕሮግራሙ ሲፈተሽ አንዱ ክልል በሌላው ሙሉ በሙሉ የሚዋጥበት ምሳሌ ሊካተት ይገባል።