ተዋንያን ሲናበቡ፦ የስክሪን ፍቅር ሳይንስ

እ.ኤ.አ. በ1987 ለእይታ በበቃው «ደርቲ ዳንሲንግ» ፊልም ውስጥ አንድ የዳንስ ልምምድ ትዕይንት አለ። ፓትሪክ ስዌዚ ከጄኒፈር ግሬይ ጀርባ ቆሟል፤ እሷ እጇን ወደ ኋላ አንስታ አንገቱን ይዛለች። እሱ ጣቶቹን ከክንዷ ጀምሮ ወደ ብብቷ፣ ከዚያም ወደ ጎኗ ቀስ አድርጎ ያወርዳል። ይኮረኩራትና ትስቃለች። እንደገና ይሞክራሉ፤ እንደገና ትስቃለች። ስዌዚ ዓይኑን ወደ ላይ ሰቅሎ በረጅሙ ይተነፍሳል።

ሳቁ የግሬይ የራሷ፣ ብስጭቱም የስዌዚ የራሱ ነበር። ሁለቱ እ.ኤ.አ. በ1984 «ሬድ ዶውን» በተባለው ፊልም አብረው ሲሠሩ ብዙም አልተስማሙም፤ ስዌዚ በሕይወት ታሪክ መጽሐፉ እንደጻፈው በዚህኛውም ቀረጻ መሻከር ነበር። ዳይሬክተሩ ኤሚል አርዶሊኖ ግን የተበላሸውን ቀረጻ አልጣለውም። ዛሬ ብዙ ተመልካች ከፊልሙ ለይቶ የሚወደው ይህንኑ ትዕይንት ነው።

በእኛ አገር ተመልካች ዘንድ ሁለት ተዋንያን እንዲህ ሲገጥሙ «ኬሚስትሪያቸው ሌላ ነው» ይባላል። የትወና ሰዎች ደግሞ «ይናበባሉ» ይላሉ። የመጀመሪያው ቃል በደም ውስጥ የሚንተከተክ ነገር እንድንፈልግ ይገፋፋናል። ሁለተኛው ግን የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች በቤተ ሙከራ ለክተው ከደረሱበት ነገር ጋር እጅግ ይቀራረባል። በስክሪን ላይ ፍቅር ሆኖ የሚታየን ነገር በዋናነት ትኩረት ነው፤ አንዱ ሌላውን ከልቡ ሲያዳምጥና ሲመለከት የሚፈጠር መናበብ።

ፍቅር ግዴታ አይደለም

«ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም» እንዲሉ፣ ብዙ ሰው ተዋንያኑ በእውነት ካልተዋደዱ ፍቅራቸው ስክሪን ላይ አይመጣም ብሎ ያምናል። የፊልም ታሪክ ግን ይህን እምነት አይደግፍም። በ1942 በተሠራው «ካዛብላንካ» ሃምፍሪ ቦጋርት እና ኢንግሪድ በርግማን የዓለምን ልብ ሰብረዋል፤ ከካሜራው ውጭ ግን ብዙም ቅርበት አልነበራቸውም። በ2003 የወጣው «ጂግሊ» ደግሞ በተቃራኒው ነው። ቤን አፍሌክ እና ጄኒፈር ሎፔዝ ፊልሙ ሲወጣ ተጫጭተው ነበር። ከ70 ሚሊዮን ዶላር በላይ የወጣበት ይህ ፊልም ከሲኒማ ያገኘው ገቢ 10 ሚሊዮን እንኳ አልሞላም፤ ሐያሲዎችም ክፉኛ ነቀፉት።

እርግጥ የእውነቱና የስክሪኑ ፍቅር የሚገናኙበት ጊዜ አለ። ቦጋርት በ1944 ከሎረን ባኮል ጋር «ቱ ሃቭ ኤንድ ሃቭ ኖት» የተባለውን ፊልም ሲሠራ በእውነት ተዋደዱ፤ በዓመቱም ተጋቡ። እንግዲህ ፍቅር ሊኖርም ላይኖርም የሚችል ከሆነ፣ ስክሪኑ ላይ የምናየውን ነገር የሚሠራው ሌላ ነው ማለት ነው።

የሰከንድ አንድ አምስተኛ

ሁለት ሰዎች ሲጨዋወቱ አንዱ ተናግሮ በጨረሰበትና ሌላው በጀመረበት መካከል ምን ያህል ጊዜ ያልፋል? በ2009 ይፋ የሆነ ጥናት በ10 ቋንቋዎች የተደረጉ ጭውውቶችን ለክቶ ነበር። አማካዩ 200 ሚሊ ሰከንድ ገደማ፣ ማለትም የሰከንድ አንድ አምስተኛ ሆነ። ዓይን እስኪርገበገብ ያህል ነው።

የሚገርመው ነገር ወዲህ ነው። አእምሮ አንዲት ቃል እንኳ መርጦ፣ አዘጋጅቶ፣ አፍ ላይ ለማድረስ ከግማሽ ሰከንድ በላይ ይፈጅበታል። ስለዚህ በ200 ሚሊ ሰከንድ የሚመልስ ሰው መልሱን ማዘጋጀት የጀመረው ተናጋሪው ሳይጨርስ ነው። የሚመጣውን ገምቷል ማለት ነው። አማርኛ ተናጋሪ ይህን ከማንም በላይ ያውቀዋል፤ ግሳችን መጨረሻ ላይ ነውና። አንዲት ሴት «ትናንት እናትህን ገበያ ውስጥ…» ስትለው፣ በደንብ የሚያዳምጣት ሰው «አገኘኋቸው» ከአፏ ሳይወጣ ፊቱ ይለወጣል። እንደ አማርኛ ግሷን መጨረሻ ላይ የምታስቀምጠው ጃፓንኛ በዚያ ጥናት ከ10ሩ ፈጣኗ ሆና መገኘቷም ይህ ግምት ምን ያህል የዕለት ተዕለት ሥራችን እንደሆነ ያሳያል።

በአሜሪካ የዳርትመዝ ኮሌጅ ተመራማሪዎች በ2022 ባወጡት ጥናት አንድ እርምጃ ራቅ ብለው ሄዱ። ሰዎችን ጥንድ ጥንድ አድርገው አጫወቱና እያንዳንዱ ከሌላው ጋር ምን ያህል እንደተግባባ ጠየቁ። በምልልሱ መካከል ያለው ክፍተት ባጠረ ቁጥር የመግባባት ስሜቱ ጨምሮ ተገኘ። ከሩብ ሰከንድ በታች የሚመጣ መልስ ታስቦበት ሊሰላ ስለማይችል፣ ተመራማሪዎቹ የማያስመስል ምልክት ብለውታል።

አሁን ወደ ተዋናዩ እንመለስ። ቃለ ተውኔቱን በቃሉ ይዞታል፤ አጋሩ ምን እንደምትለውም ምን እንደሚመልስም ያውቃል። ደካማ ተዋናይ የእሷን የመጨረሻ ቃል እንደ ደወል ይጠብቃል፤ ደወሉ ሲደወል የራሱን ይናገራል። ቃሉ ትክክል ነው፤ ጊዜው ግን ሐሰት ነው። ጎበዝ ተዋናይ አንድን ዓረፍተ ነገር መቶ ጊዜ ሰምቶም ቢሆን ዛሬ እንደ አዲስ ያዳምጠዋል። የግሬይ ሳቅ የሚያምረውም ለዚህ ነው። ለሆነው ነገር የተሰጠ፣ ማንም ያልጻፈው ፈጣን መልስ ነበር።

የሚሸሽ ዓይን

ፍቅረኞች ዓይን ለዓይን ተፋጠው ይቀራሉ የሚለው ሐሳብ ግማሽ እውነት ነው። ከዚያው ከዳርትመዝ ኮሌጅ በ2021 የወጣ ሌላ ጥናት የተጨዋዋቾችን የዓይን ብሌን መጥበብና መስፋት ተከታትሎ ነበር። የሁለቱ ሰዎች ብሌን ይበልጥ አብሮ የሚሄደው ዓይኖቻቸው በተገናኙባት ቅጽበት ሆነ። ከዚያ በኋላ መጣጣሙ እየቀነሰ ይሄዳል፤ ዓይናቸውን ከሌላው ላይ ሲያነሱ ደግሞ መልሶ ማንሰራራት ይጀምራል። ጥሩ ጨዋታ በመገናኘትና በመለያየት መካከል የሚመላለስ ነው።

ባኮል ይህን የዓይን ምልልስ ያገኘችው በፍርሃት ነው። ከቦጋርት ጋር ያን የመጀመሪያ ፊልሟን ስትሠራ ገና የ19 ዓመት ልጅ ነበረች፤ ቦጋርት 44 ዓመቱ ነበር። ካሜራው ፊት ስትቆም ራሷ ይንቀጠቀጥ ነበር። መላ ስትፈልግ አገጯን ደረቷ ላይ ሊደርስ እስኪቃረብ ዝቅ አድርጋ፣ ዓይኗን ብቻ ከሥር ወደ ላይ ብታነሳ መንቀጥቀጡ እንደሚቆም አወቀች። እናም በፊልሙ ውስጥ በር ተደግፋ ክብሪት የምትጠይቀው ወጣት ዓይኗን ስታነሳ፣ ተመልካቹ ፈርታለች አላለም። የዘመኑ ዝነኛ አመለካከት ከዚያ ተወለደ።

መቁረጫውን የያዘው ሰው

መናበብ የተዋንያኑ ሥራ ብቻ አይደለም። የዳርትመዝ ተመራማሪዎች የተቀዱ ጭውውቶችን ወስደው በመካከል ያለውን ክፍተት ብቻ በኮምፒውተር አሳጥረውና አስረዝመው ለሌሎች ሰዎች አሰሙ። ቃሉም ድምፁም ያው ነው። አድማጮቹ ግን ክፍተቱ ባጠረው ቅጂ ውስጥ ያሉት ሰዎች የበለጠ የተግባቡ ናቸው ብለው ፈረዱ። የፊልም አርታዒ ቀኑን ሙሉ የሚሠራው ይህንኑ ነው።

ሶቪየታዊው ሌቭ ኩሌሾቭ ከመቶ ዓመት በፊት የአንድን ተዋናይ ስሜት የማይነበብበት ፊት ከሾርባ፣ ከሬሳ ሣጥንና ከሴት ምስል ጋር እያፈራረቀ ሲያሳይ፣ ተመልካቹ ረሃብ፣ ሐዘንና ፍላጎት እንዳነበበበት ይተረካል። የኋላ ሙከራዎች ውጤት የተለያየ ቢሆንም፣ በ2016 የታተመ አንድ ጥናት ከፊቱ ጎን የሚቀመጠው ምስል አነባበባችንን እንደሚለውጥ አሳይቷል።

መናበብ የተዋንያኑ ሥራ ብቻ ላለመሆኑ የእኛው ቤትም ምስክር አለው። ካና ቴሌቪዥን በእኛ አቆጣጠር በ2008 ዓ.ም. ሥርጭት ሲጀምር የቱርክ ድራማዎችን በአማርኛ ድምፅ አቀረበልን። ፊቱ የኢስታንቡል፣ ድምፁ የአዲስ አበባ ነው። ሆኖም ብዙ ቤተሰብ የጥንዶቹን ፍቅር ከልቡ ተከታተለ። ዓይኖቹ ሳይነኩ አልፈዋል፤ የእኛ ባለሙያዎችም ድምፃቸውን በዚያው የአፍ እንቅስቃሴና በዚያው ዝምታ ልክ መስፋት ነበረባቸው።

ሦስተኛው ተዋናይ

የመጨረሻው ሥራ የእኛ ነው። በስዊድን የኡፕሳላ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ ኡልፍ ዲምበርግ ከ1980ዎቹ ጀምሮ እንዳሳየው፣ የፈገግታ ፎቶ ብቻ ስናይ የጉንጫችን ጡንቻ በዓይን በማይታይ መጠን፣ ከአንድ ሰከንድ ባነሰ ጊዜ ይንቀሳቀሳል። ስክሪኑ ላይ ሲሳቅ እኛም በጥቂቱ ስቀናል።

ድምፅ ብቻውን እንኳ ይበቃል። ወጋየሁ ንጋቱ «ፍቅር እስከ መቃብር» የተባለውን ልብ ወለድ በኢትዮጵያ ሬዲዮ ሲተርክ አንድ ሰው ነበር። ፍቅረኞቹን፣ በዛብህንም ሰብለ ወንጌልንም፣ የሠራው በአንድ ጉሮሮ፣ በትንፋሽና በዝምታ ነው። ሁለቱ ሰዎች የተገናኙት በአድማጩ ውስጥ ነው።

ስለዚህ ሁለት ነገር እጠይቃለሁ። ፊልም የምትሠሩ ወገኖቻችን፣ ለጥንድ ተዋንያን ከመልክና ከዝና በፊት የልምምድ ጊዜ ስጧቸው፤ በአንድ ቀን ተገናኝተው በማግሥቱ የሚቀረጹ ሰዎች ለመናበብ ጊዜ አላገኙም። እኛ ተመልካቾች ደግሞ፣ ጥሩ ጥንድ ባየን ቁጥር «በእውነትም ይዋደዳሉ እንዴ?» እያልን የሰው ትዳርና ጓዳ መፈተሽ እንተው። ያየነው ነገር እውነት ነው፤ ሙያ ነው፤ ሙያውም ሌላውን ሰው በደንብ ማዳመጥ ነው።