ከደጃችን የቆመው በርሜል፦ ከሲያትል የቆሻሻ ደንብ ምን እንማራለን?

ስለ መንግሥትና ስለ ዜጋ ግንኙነት በየድረ ገጾቻችን ብዙ ተብሏል። አንቀጽ እየጠቀስን፣ ፈላስፋ እየጠራን ተከራክረናል። ይሁንና ይህ ግንኙነት በየሳምንቱ ከደጃችን ቆሞ የሚታይበት አንድ ነገር አለ፤ እሱም የቆሻሻ በርሜል ነው። ጉዳዩ ተራ ቢመስልም አንድ ከተማ ጥራጊውን የሚሰበስብበት ደንብ ማን እንደሚከፍል፣ ማን እንደሚገደድና የመንግሥት እጅ የት ላይ እንደሚቆም ይነግረናል። ብዙ ወገኖቻችን የሚኖሩባትን ሲያትልን ለምሳሌ እንውሰድ። (ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በሲያትል ራሱን የቻለ መኖሪያ ቤት ሦስት ዓይነት በርሜል አለው። አንዱ ለቆሻሻ፣ ሁለተኛው ለሪሳይክል፣ ማለትም ለወረቀት፣ ለካርቶን፣ ለጠርሙስና ለጣሳ፣ ሦስተኛው ደግሞ ለምግብ ትርፍራፊና ለጓሮ ቅጠላ ቅጠል ነው። ቆሻሻውና ትርፍራፊው በየሳምንቱ፣ ሪሳይክሉ በየሁለት ሳምንቱ ይነሳል። በርሜሉ በዕለቱ ከጠዋቱ 1 ሰዓት (በአሜሪካ አቆጣጠር 7) በፊት ደጅ መውጣት፣ ክዳኑም መገጠም ይኖርበታል። ወደ እኛ ማድ ቤት ስንመልሰው፣ የደረቀ እንጀራ፣ የቡና አተላ፣ የሽንኩርት ልጣጭ፣ የዶሮው አጥንት ሳይቀር ወደ ሦስተኛው ይገባል። እንጀራው የመጣበት ስስ ፕላስቲክ ግን በሪሳይክሉም ሆነ በኮምፖስቱ በርሜል ቦታ የለውም። ወጥ የቀረበት ዕቃ ሳይለቀለቅ ሪሳይክል ውስጥ ከተጣለም አጠገቡ ያለውን ንጹሕ ወረቀት ያበላሻል። የአንዱ ቤት ግዴለሽነት የጎረቤቱን ድካም ከንቱ ያደርጋል ማለት ነው። ቻይና በ2018 ከ0.5 በመቶ በላይ ባዕድ ነገር የተቀላቀለበትን ጥራጊ አልቀበልም ካለች ወዲህ ደግሞ የዚህ ግዴለሽነት ዋጋ ይበልጥ ታይቷል።

ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ከየት መጣ? አንዳንዶቻችን እንደምናስበው ከፈረንጅ ጋር አብሮ የተወለደ ሥልጣኔ አይደለም። ሲያትል ለረጅም ጊዜ ቆሻሻዋን ከደቡቧ በምትገኘው በኬንት ትደፋ ነበር። ሚድዌይ የተባለው ሥፍራ በ1983፣ ኬንት ሃይላንድስ የተባለው በ1986 ተዘጉ። ከሚድዌይ የወጣው ሚቴን ጋዝ በመሬት ውስጥ እየሾለከ መኖሪያ ቤቶች በመግባቱ ቤታቸውን ጥለው ለመውጣት የተገደዱ ቤተሰቦች ነበሩ። ከ1991 ጀምሮ የከተማዋ ቆሻሻ በባቡር ተጭኖ ኦሪገን ድረስ እየሄደ ይቀበራል። ማጓጓዣውም መቅበሪያውም ገንዘብ ነው። ደንቡ የተወለደው ከመከራና ከወጪ እንጂ ከጨዋነት አይደለም።

ዘዴው ቀላል ነው። ከ1981 ጀምሮ ነዋሪው የሚከፍለው እንደ ቆሻሻ በርሜሉ መጠን ነው። ትንሹ 12 ጋሎን፣ ትልቁ 96 ጋሎን ይይዛል፤ ብዙ የሚጥል ብዙ ይከፍላል። ለሪሳይክል ለብቻው አይከፈልም፤ ኮምፖስቱም ከቆሻሻው ይረክሳል። ግዴታውም በአንድ ሌሊት አልመጣም። ሪሳይክል ከየቤቱ መሰብሰብ የተጀመረው በ1988 በፈቃደኝነት ነበር። ከቆሻሻ ጋር መቀላቀሉ የተከለከለው ከ17 ዓመት በኋላ፣ በ2005 ነው። በ2011 የአፓርታማ ባለቤቶች የኮምፖስት አገልግሎት እንዲያቀርቡ ታዘዙ። ምግብን ከቆሻሻ ጋር መጣል የተከለከለው በ2015 ነው። ማለትም ከተማዋ መጀመሪያ አገልግሎቱን አቀረበች፤ ቀጥላ አስለመደች፤ ያዘዘችው በመጨረሻ ነው። በአገራችን ብዙ ጊዜ የሚታየው ቅደም ተከተል የዚህ ግልባጭ መሆኑን አንባቢ ያውቀዋል።

ለእኔ ትልቁ ትምህርት ግን ከዚህ በኋላ የሆነው ነው። የ2015ቱ ሕግ ለመኖሪያ ቤት 1 ዶላር፣ ለአፓርታማና ለንግድ ቤት 50 ዶላር መቀጮ ደንግጎ ነበር። ቆሻሻ ሰብሳቢው በርሜሉን በዓይኑ አይቶ ከመቶ 10 እጅ በላይ ምግብ ወይም ሪሳይክል ካገኘ ምልክት ይለጥፍ ነበር። ነዋሪዎች ከሰሱ። በ2016 የኪንግ ካውንቲ ፍርድ ቤት ያለ ማዘዣ የሰውን ቆሻሻ መፈተሽ የዋሽንግተን ግዛት ሕገ መንግሥት የሚጠብቀውን የግል ሕይወት ይጥሳል ብሎ ፈረደ። ጥራጊ ስለ ሰው ብዙ ይናገራል፤ የምንበላውን፣ የምንወስደውን መድኃኒት፣ የሚላክልንን ደብዳቤ ያጋልጣል። የመለየት ግዴታው ጸና፤ የመበርበር ሥልጣኑ ግን ወደቀ። የ1 ዶላር መቀጮ በሕገ መንግሥት ሚዛን የሚለካበት ሥርዓት ማለት ይህ ነው።

አሁን ፊታችንን ወደ አዲስ አበባ እናዙር። ከየቤቱ ቆሻሻ የሚሰበስቡ ማኅበራት አሉ፤ ቆራሌውም ሪሳይክል የሚለው ቃል ሳይሰማ ጀምሮ በየሰፈሩ እየዞረ ጠርሙስና ቆርቆሮ ሲገዛ ኖሯል። የጽዳት ክፍያው ግን ለብዙ ዓመታት ከውሃ ፍጆታ ጋር ተያይዞ ሲሰላ ቆይቷል። ቆሻሻውን የቀነሰ ሰው በዚህ ስሌት አንድ ሳንቲም አያተርፍም። የዚህ ሁሉ ጭነት ማረፊያ የነበረው ቆሼ መጋቢት 11 ቀን 2017 ተንዶ ከ100 በላይ ወገኖቻችንን ቀበረ። ሟቾቹ እዚያው ሥር ጎጆ ቀልሰው የሚኖሩ፣ ብዙዎቹም ሌላው የጣለውን ለቅመው የሚያድሩ ነበሩ።

ሚድዌይና ቆሼ የአንድ ስህተት ሁለት ፊት ናቸው። ልዩነቱ የኬንት ነዋሪ ጋዝ ሲገባበት የሚሰማው መንግሥትና የሚከስበት ፍርድ ቤት ነበረው፤ የቆሼ ነዋሪ አልነበረውም። እንግዲህ በውጭ የምንኖር ምሁራን ለአገራችን ከተሞች ሐሳብ እናዋጣ ካልን በርሜሉን ብቻ ገልብጠን መላክ አይበቃንም። የሚጥለው እንደሚጥለው መጠን ይክፈል፤ ለቃሚው በሥራው ይታወቅ፣ ድርሻውም ይጠበቅለት፤ ትእዛዝ ከአገልግሎት በኋላ ይምጣ። ከሁሉም በላይ ደግሞ ከተራራው ሥር የሚኖረው ሰው የሚሰማው ዳኛ ይኑር። ልብ ያለው ልብ ይበል።