የኮምፒዩተር ራዲያተርና የአየር ፍሰቱ

በውኃ የሚቀዘቅዝ ኮምፒዩተር ሲነሣ ሙቀቱን የሚያስወግደው ውኃው ራሱ ይመስላል፤ ይሁን እንጂ የውኃው ድርሻ ሙቀቱን ከፕሮሰሰሩ ተቀብሎ ወደ ራዲያተሩ ማድረስ ሲሆን፣ በመጨረሻ ከማሽኑ የሚያስወጣው በራዲያተሩ ውስጥ የሚያልፈው አየር ነው። በመሆኑም የሥርዓቱን ብቃት የሚወስነው በማራገቢያው ማሸጊያ ላይ የታተመው አኃዝ ሳይሆን፣ በራዲያተሩ ውስጥ በእርግጥ የሚያልፈው የአየር መጠን ነው።

ሥርዓቱ አራት ዋና ዋና ክፍሎች አሉት። በፕሮሰሰሩ ላይ ተጭኖ የሚቀመጠው የመዳብ ሳህን ሙቀቱን ይቀበላል፤ ፓምፑ በሳህኑ ላይ የሚያልፈውን ውኃ ያዘዋውራል፤ ራዲያተሩ ውኃው በጠፍጣፋ ቱቦዎች ተከፋፍሎ የሚጓዝበት፣ በቱቦዎቹም መካከል ስስ የብረት ቅጠሎች ተጣጥፈው የተደረደሩበት ክፍል ነው፤ በተለምዶ ፋን የሚባለው ማራገቢያ ደግሞ በቅጠሎቹ መካከል አየር ያሳልፋል። አፕል እ.ኤ.አ. በ2004 ባለ 2.5 ጊጋኸርዝ ፓወር ማክ ጂ5 ኮምፒዩተሩን በፈሳሽ ማቀዝቀዣ ሠርቶ ለገበያ ያቀረበ ሲሆን፣ ዛሬ እንደ ኢንቴል ኮር አይ9-13900ኬ ያለ ፕሮሰሰር በከፍተኛ ሥራ ላይ እስከ 253 ዋት፣ አርቲኤክስ 4090 የተባለው ግራፊክስ ካርድ ደግሞ እስከ 450 ዋት ኃይል ስለሚወስዱና ይህም ኃይል ወደ ሙቀት ስለሚለወጥ፣ የማቀዝቀዣው ጥያቄ ከቀድሞው ይልቅ ከብዷል።

የውኃና የአየር ልዩነት በቀላል ስሌት ይታያል። ውኃ ከአየር ጋር በይዘት እኩል ሲሆን በአንድ ዲግሪ ለመሞቅ ከ3,400 ጊዜ በላይ የሚበልጥ ሙቀት ይይዛል። ስለዚህ 300 ዋት ሙቀት የሚሸከም ውኃ በደቂቃ 4 ሊትር ቢፈስ ሙቀቱ የሚጨምረው በ1 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ብቻ ነው፤ ያንኑ 300 ዋት ተቀብሎ በ10 ዲግሪ ብቻ እንዲሞቅ የሚፈለግ አየር ግን በባሕር ወለል ከፍታ ላይ በሰዓት 90 ሜትር ኩብ ያህል መሆን አለበት። ከዚህ የተነሣ ፓምፑን በብርቱ ማፍጠን የሚያመጣው ለውጥ አነስተኛ ሲሆን፣ የሥርዓቱ ማነቆ ብዙውን ጊዜ በአየሩ በኩል ይገኛል።

የማራገቢያ አቅም በሁለት መለኪያዎች ይገለጻል፤ አንደኛው በሰዓት የሚያንቀሳቅሰው አየር፣ ሁለተኛው ስታቲክ ፕሬዠር የሚባለው፣ ማለትም ተቃውሞን ተቋቁሞ አየር የሚገፋበት ግፊት ነው። ለምሳሌ ኖክቱዋ የተባለው ኩባንያ የሚያመርተው ኤንኤፍ-ኤ12ኤክስ25 ማራገቢያ በደቂቃ 2,000 ዙር ሲሽከረከር በሰዓት 102 ሜትር ኩብ አየርና 2.34 ሚሊ ሜትር የውኃ ከፍታ ግፊት እንዳለው ተገልጿል። ሁለቱ አኃዞች ግን በአንድ ጊዜ አይገኙም፤ የአየር መጠኑ የሚለካው ማራገቢያው ምንም እንቅፋት ሳይኖርበት፣ ግፊቱ ደግሞ መተላለፊያው ፈጽሞ ሲዘጋ ነው። ራዲያተር በነዚህ በሁለቱ ጫፎች መካከል የሚገኝ እንቅፋት ስለሆነ፣ ቅጠሎቹ እየተጠጋጉ በሄዱ ቁጥር ግፊት ይበልጥ ይፈለጋል። በአንድ ኢንች ስፋት 10 ያህል ቅጠል ያለው ራዲያተር በዝግታ ለሚዞርና ድምፁ ዝቅ ላለ ማራገቢያ ሲስማማ፣ 25 ወይም 30 የሚደርስ ቅጠል ያለው ግን አቅሙን የሚያሳየው በፍጥነት ሲነፍስበት ነው።

አየር ተቃውሞው ወደሚያንስበት ስለሚሄድ፣ በማራገቢያው ፍሬምና በራዲያተሩ መካከል የቀረ ክፍተት የተገፋውን አየር ወደ ጎን ያባክናል፤ ይህንንም በዙሪያው የሚደረግ ስስ የስፖንጅ ወይም የጎማ ማሸጊያ ያስቀራል። ሌላው ችግር የማራገቢያው ሞተር የሚቀመጥበት መካከለኛው ክፍል አየር የማይገፋ በመሆኑ፣ ከፊቱ ያሉት ቅጠሎች እምብዛም ነፋስ አለማግኘታቸው ነው። በማራገቢያውና በራዲያተሩ መካከል ባዶ ፍሬም ማስገባት አየሩ እስከ ቅጠሎቹ ድረስ እንዲሰራጭ ያደርጋል፤ ጥቅሙ ግን ከኮምፒዩተሩ ሣጥን ስፋት ጋር ተመዛዝኖ የሚታይ ነው።

የማራገቢያዎችን ቁጥር መጨመርም የራሱ ሕግ አለው። በራዲያተሩ በሁለቱም ወገን፣ አንዱ እየገፋ ሌላው እየሳበ፣ ማራገቢያ ቢደረግ የሚደመረው በዋናነት ግፊቱ እንጂ የአየሩ መጠን ስላልሆነ፣ ጥቅሙ በወፍራምና ቅጠሉ በተጠጋጋ ራዲያተር ላይ ይጎላል፤ በቀጭን ራዲያተር ላይ ግን ጭማሪው ትንሽ ነው። ፍጥነትን መጨመር ደግሞ ዋጋ ያስከፍላል፤ የዙሩ ቁጥር በእጥፍ ሲያድግ የአየሩ መጠን በእጥፍ፣ የሚፈለገው ኃይል በስምንት እጥፍ፣ ድምፁም በ15 ዲሲቤል ገደማ ይጨምራል። ስለዚህ ሰፊ ራዲያተር ላይ ብዙ ማራገቢያዎችን በዝግታ ማዞር፣ በትንሽ ራዲያተር ላይ ጥቂቶችን በኃይል ከማዞር የተሻለ ነው።

አየሩ ከየት እንደሚመጣም ከመጠኑ ያነሰ ጉዳይ አይደለም። በራዲያተር ውስጥ ያለ ውኃ ከሚገባው አየር በታች ሊቀዘቅዝ ስለማይችል፣ ከክፍሉ ቀዝቃዛ አየር የሚስብ ራዲያተር በግራፊክስ ካርዱ የሞቀውን የሣጥን ውስጥ አየር ከሚቀበለው ይልቅ ውኃውን ያቀዘቅዛል፤ በምትኩ ግን የሞቀው አየር ወደ ሣጥኑ ስለሚገባ በቂ መውጫ ያስፈልገዋል። እንዲሁም በቅጠሎቹ መካከል የሚከማች አቧራ መተላለፊያውን ስለሚያጠብ በየጊዜው መጽዳት ይኖርበታል።

የቦታ ከፍታም ሊዘነጋ አይገባም። ከባሕር ወለል በላይ 2,350 ሜትር ያህል ከፍታ ባላት አዲስ አበባ የአየሩ እፍጋት በባሕር ወለል ካለው በሩብ ገደማ ያንሳል፤ ማራገቢያው በይዘት ያንኑ ያህል አየር ቢያንቀሳቅስም አየሩ የሚሸከመው ሙቀት በዚያው ልክ ስለሚቀንስ፣ ከላይ የተጠቀሰው የ300 ዋት ስሌት በሰዓት ከ90 ወደ 118 ሜትር ኩብ ገደማ ከፍ ይላል። በባሕር ወለል የተለኩ አኃዞችን አይቶ ማቀዝቀዣ የሚመርጥ የደጋ ነዋሪ ስለዚህ በቂ ትርፍ አቅም መያዝ ይገባዋል።

የአየር ፍሰቱን ሁኔታ ለማወቅ አስተማማኙ መለኪያ የውኃው ሙቀት ወደ ራዲያተሩ ከሚገባው አየር ሙቀት ምን ያህል እንደሚበልጥ ማየት ነው። የሥራው ጫናና የማራገቢያው ፍጥነት ሳይለወጡ ይህ ልዩነት ካደገ፣ መጀመሪያ የሚመረመሩት አቧራው፣ ማሸጊያውና የአየሩ መግቢያ ናቸው፤ አዲስ ማራገቢያ መግዛት የሚታሰበው እነዚህ ከተስተካከሉ በኋላ ነው።