የብረቱ ሽጉጥና አዲሱ ሽጉጥ በጁባ ሚዛን

መኮንኖች ከሥራ በኋላ ተሰብስበው በሚያወጉበት ስፍራ ሁሉ ሳይነሣ የማያልፍ አንድ ክርክር አለ። ይኸውም ከጥንቱ የብረት ሽጉጥና አካሉ ከፕላስቲክ ከተሠራው የዘመኑ ሽጉጥ የትኛው ይበልጣል የሚለው ነው። አንደኛው ወገን ብረት አይከዳም፤ አባቶቻችን የተማመኑበት እርሱ ነው ሲል ይሟገታል። ሌላው ወገን በበኩሉ ቀላሉንና ብዙ ጥይት ጎራሹን ትቶ አሮጌውን መታቀፍ ለትዝታ መገዛት ነው ይላል። ክርክሩ የዕረፍት ሰዓት ጨዋታ መስሎ ይታይ ይሆናል። የደቡብ ሱዳንን ዋና ከተማ ጁባን በመሰለ ስፍራ ሲመዘን ግን የሰው ሕይወት ያለበት ጉዳይ መሆኑን እንረዳለን። ስለዚህ ሁለቱን ወገኖች በጁባ አየር፣ በጁባ ታሪክና በጁባ ችግር መዝነን ለአንባብያን ለማቅረብ ወደናል። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጁባ በነጭ ዓባይ ምዕራባዊ ዳርቻ፣ ከባሕር ወለል በላይ 550 ሜትር ገደማ ላይ የተቆረቆረች ከተማ ናት። ሱዳን ነፃነቷን እስካገኘችበት እስከ 1956 ድረስ በአካባቢው የነበሩት የእንግሊዝ መኮንኖች በወገባቸው ይታጠቁት የነበረው ዌብሊን የመሰለው ስድስት ጎራሽ ሪቮልቨር ነበር። በ1955 የቶሪት ወታደሮች ካመፁበት ጊዜ አንሥቶ አገሪቱ ከጦርነት ወደ ጦርነት ተሸጋግራለች። በ1972 በአዲስ አበባ የተፈረመው ስምምነት ለአሥር ዓመታት ያህል ፋታ ቢሰጥም በ1983 ጦርነቱ እንደገና አገረሸ። በዚያው ዓመት የተመሠረተው የሱዳን ሕዝብ ነፃ አውጪ ሠራዊት ከመጀመሪያዎቹ ሠፈሮቹ አንዱ የነበረው ቢልፓም፣ በጋምቤላ በኩል በአገራችን ምድር የሚገኝ ነው። ዛሬ ጁባ ውስጥ ያለው የጦር ኃይሉ ጠቅላይ መምሪያ ቢልፓም ተብሎ የሚጠራውም ይህንኑ ስም ወርሶ ነው። ስለዚህ የጁባ መሣሪያ ታሪክ ለኢትዮጵያዊ አንባቢ የሩቅ አገር ወሬ አይደለም። በከተማይቱ በሆቴልና በንግድ ሥራ የተሠማሩ ብዙ ወገኖቻችንም በዲሴምበር 2013 እና በጁላይ 2016 የተኩስ ድምፅ በደጃፋቸው ሰምተዋል።

በቅድሚያ የብረቱን ወገን እንይ። የዚህ ወገን አባት አሜሪካዊው ጆን ብራውኒንግ ነው። እርሱ የነደፈው ኮልት ሽጉጥ በ1911 የአሜሪካ ጦር መሣሪያ ሆኖ እስከ 1985 ድረስ ለ74 ዓመታት በመደበኛነት አገልግሏል። ሰባት ጎራሽ ሲሆን ባዶውን 1 ኪሎ ግራም ከ100 ግራም ያህል ይመዝናል። ብራውኒንግ በ1926 ቢሞትም የጀመረውን ሌላ ንድፍ ቤልጂጋዊው ዲዩዶኔ ሴቭ ፈጽሞት በ1935 ባለ 13 ጎራሹ ብራውኒንግ ሃይ ፓወር ወጣ። ከምሥራቁ ዓለም ደግሞ በ1930ዎቹ ቶካሬቭ፣ በ1951 ማካሮቭ ብቅ አሉ። ሁለቱም ስምንት ጎራሽ ናቸው። አገራችን ከ1977 ወዲህ ከሶቪየት ኅብረት መሣሪያ በብዛት ስለተቀበለች ማካሮቭ ለኢትዮጵያውያን እንግዳ አይደለም።

የብረት ወዳጆች መከራከሪያ ከንቱ አይደለም። ሽጉጡ ከባድ በመሆኑ ርግጫው ለስለስ ይላል። መዶሻው ከውጭ ስለሚታይ፣ ሽጉጡ ለመተኮስ የተዘጋጀ መሆን አለመሆኑን ባለቤቱ በዓይኑም በአውራ ጣቱም ያረጋግጣል። አንድ ክፍል ቢሰበር እጁ የሰላ የመሣሪያ ሠራተኛ በሞረድና በእሳት ሊጠግነው ይችላል። በተለይ ማካሮቭ አፈሙዙ ከአካሉ ጋር የተጣበቀና ክፍሎቹ ጥቂት ስለሆኑ፣ ብዙ ያልተማረ ወታደር እንኳ ፈትቶና ወልውሎ ይገጥመዋል።

ወደ አዲሱ ወገን ስንመለስ፣ ስሙ ከሁሉ በላይ የገነነው ግሎክ ነው። ከዚያ ቀደም የሽጉጥ ሥራ ልምድ ያልነበረው ኦስትሪያዊው ጋስቶን ግሎክ የሠራው ይህ ሽጉጥ በ1982 በአገሩ ጦር ተመረጠ። በወቅቱ የእጀታው አካል ፕላስቲክ መሆኑን የሰሙ ብዙዎች ተሳልቀውበታል። እርሱ ግን 17 ጥይት ጎርሶ፣ ባዶውን ያለ ካዝና 630 ግራም ያህል ብቻ እየመዘነ የብዙ አገሮችን ፖሊስና ጦር ወገብ ያዘ። የእንግሊዝ ጦር አሮጌውን ብራውኒንግ ትቶ ግሎክን የተረከበው በ2013 ነው። የአሜሪካ ጦርም በጃንዋሪ 2017 ፕላስቲክ አካል ያለውን ሲግ ሳወር መርጧል። እዚህ ላይ አንድ የተሳሳተ ወሬ ማረም ይገባል። ይህ ሽጉጥ ሙሉ በሙሉ ፕላስቲክ አይደለም። አፈሙዙና ከላይ ወደ ኋላ ተንሸራቶ የሚመለሰው ክፍል ብረት ናቸው። ስለዚህ በፍተሻ መሣሪያ አይታይም የሚባለው ሐሰት ነው።

አሁን ሁለቱን በጁባ አየር ውስጥ እናስገባቸው። በጁባ የዝናቡ ወራት ከሚያዝያ ግድም እስከ ጥቅምት ይዘልቃል። በዓመት የሚጥለው ዝናብ ወደ 1,000 ሚሊ ሜትር ይጠጋል። በበጋው መጨረሻ ደግሞ የቀኑ ሙቀት 38 ዲግሪ ይደርሳል። በእንዲህ ያለ አገር ሽጉጥ በወገብ ላይ ሲውል ዋና ጠላቱ ላብ ነው። ጨው ያለበት ላብ ዘይቱን አጥቦ ብረቱን ባጭር ጊዜ ያዝገዋል። ፕላስቲኩ አይዝግም። የብረት ክፍሎቹም ዝገትን በሚከላከል የሙቀት ሥራ ስለሚጠነክሩ በዚህ ፈተና አዲሱ ወገን ያለ ጥርጥር ይረታል። በበጋው አቧራ ግን ሁለቱም እኩል ይፈተናሉ። ዘይት የበዛበት ሽጉጥ አቧራውን ስቦ ጥይት ይነክሳል። የካዝናው ከንፈር የተጣመመ ከሆነም፣ አካሉ ብረት ሆነ ፕላስቲክ፣ ከመንከስ አያመልጥም።

ሁለተኛው ፈተና የባረቀ ጥይት ነው። በተጨናነቀ የጦር ሠፈር ወይም እንደ ኮኞ ኮኞ ባለ ገበያ አንዲት የባረቀች ጥይት ሰው መግደሏ ብቻ አይደለም ጉዳቷ። እርስ በርሳቸው በሚፈራሩ ሁለት ክፍሎች መካከል የተኩስ መጀመሪያ ልትመስልም ትችላለች። በጁላይ 2016 በቤተ መንግሥቱ ደጃፍ በሁለቱ መሪዎች ጠባቂዎች መካከል የተነሣው ተኩስ በቀናት ውስጥ በመቶ የሚቆጠሩ ሰዎችን ሕይወት ያጠፋ መሆኑን ለሚያስታውስ ሰው፣ ይህ ከንቱ ሥጋት አይደለም። በዚህ ረገድ የአዲሱ ወገን ድክመት ይገለጣል። ግሎክ በአውራ ጣት የሚዘጋ መቆለፊያ የለውም። መከላከያው ምላጩ ላይ ስለሆነ ጣት ምላጩን ከነካና ከሳበ ይተኩሳል። ከዚህም በላይ ለመወልወል ሲፈታ ምላጩን መሳብ ግድ ነው። ወታደሩ ካዝናውን አውጥቶ በአፈሙዙ የቀረችውን አንዲት ጥይት ከረሳ፣ ውልወላው በአደጋ ይፈጸማል። የአሜሪካ ጦር ለራሱ በመረጠው አዲስ ሽጉጥ ላይ የአውራ ጣት መቆለፊያ እንዲገባ ማድረጉም ያለ ምክንያት አይደለም። ነገር ግን የብረቱም ወገን ከዚህ ነቀፋ ነፃ አይደለም። ቶካሬቭ ሲፈጠር መዶሻውን በግማሽ ከመያዝ በቀር ሌላ መቆለፊያ አልነበረውም። ማካሮቭና ብራውኒንግ ግን ይህን አሟልተዋል።

ሦስተኛው ፈተና ጥይት ነው። ተከራካሪዎቹ ብዙ ጊዜ የሚዘነጉትም ይህንኑ ነው። ማካሮቭና ግሎክ ሁለቱም ባለ 9 ሚሊ ሜትር ይባላሉ። ጥይታቸው ግን አይወራረስም። የማካሮቭ ቀለህ 18 ሚሊ ሜትር፣ የግሎክ ደግሞ 19 ሚሊ ሜትር ሲሆን የእርሳሶቹም ውፍረት ይለያያል። ቶካሬቭ ሌላ፣ ኮልት ደግሞ ሌላ ጥይት ይጠይቃሉ። በአንጻሩ የ1935ቱ ብራውኒንግና የ1982ቱ ግሎክ የሚጎርሱት አንድ ዓይነት ጥይት ነው። እርሱም ጀርመናዊው ጌኦርግ ሉገር በሃያኛው መቶ ዓመት መባቻ የፈጠረው ነው። እንግዲህ በስንቅና ትጥቅ ኃላፊ ዓይን ሲታይ ትልቁ ልዩነት በብረትና በፕላስቲክ መካከል አይደለም፤ በጥይትና በጥይት መካከል ነው። በአንድ ሻለቃ ውስጥ አራት ዓይነት ሽጉጥ የሚያስታጥቅ ክፍል፣ አራት ዓይነት ጥይት አሰባስቦ በችግር ቀን የማይገጥመውን ሲያድል ይገኛል።

አራተኛውና ከሁሉ የሚከብደው ፈተና የመለዋወጫና የቁጥጥር ነው። የተባበሩት መንግሥታት የጸጥታው ምክር ቤት በጁላይ 2018 በደቡብ ሱዳን ላይ የጦር መሣሪያ ማዕቀብ ጥሏል። ውሳኔው በ9 ድምፅ ሲያልፍ አገራችንን ጨምሮ 6 አባላት ድምፅ ከመስጠት ታቅበዋል። ማዕቀቡ ከዚያ ወዲህ እስከ 2025 በየዓመቱ ሲታደስ ቆይቷል። በሴፕቴምበር 2018 በአዲስ አበባ የተፈረመው የሰላም ስምምነት ያዘዘው የተዋሐደ ኃይል የመጀመሪያው ክፍል በኦገስት 30 ቀን 2022 በጁባ ሲመረቅ፣ ከተሰለፉት መካከል በጠመንጃ ፋንታ በትር የያዙ ታይተዋል። ይህን ትዕይንት ያስተዋለ ሰው የሽጉጡን ክርክር በሌላ ዓይን ያየዋል። የዘመኑ ሽጉጥ የፕላስቲክ አካሉ ቢሰነጠቅ በሞረድ አይጠገንም፤ ከፋብሪካው ሌላ ማስመጣት ያሻል። በዚህ በኩል ዛሬ በእጅ ያለው ማካሮቭ ነገ ይመጣል ከተባለው ግሎክ ይበልጣል።

መሣሪያ በመንግሥት እጅ መሆኑ የሚታወቀው ደግሞ በቁጥሩ ነው። በ2004 የተፈረመው የናይሮቢ ፕሮቶኮል የአካባቢያችን አገሮች ቀላል መሣሪያዎችን ምልክት እንዲያደርጉባቸውና እንዲመዘግቧቸው ያስገድዳል። ኢትዮጵያም በ2020 አዋጅ ቁጥር 1177 አውጥታ የመሣሪያ አስተዳደርን በሕግ ወስናለች። የብረት ሽጉጥ ቁጥሩ በብረቱ ላይ ስለሚቀረጽ ሌባ ቢፍቀው እንኳ ባለሙያ በአሲድ መልሶ ሊያወጣው የሚችልበት ጊዜ አለ። በፕላስቲኩ አካል ላይ ግን ቁጥሩ የሚጻፈው በውስጡ በተቀበረች ትንሽ የብረት ሰሌዳ ላይ ነው። ስለዚህ መዝጋቢው በአፈሙዙና በተንሸራታቹ ክፍል ላይ ያለውንም ቁጥር አብሮ መመዝገብ ይኖርበታል።

ከዚህ ሁሉ በኋላ በበኩላችን የምንሰጠው ፍርድ ይህ ነው። ለአዲስ ሠራዊት አዲስ ሽጉጥ ሲገዛ፣ አንድ ዓይነት ጥይት የሚጎርስ፣ ዝገት የሚችልና በአውራ ጣት የሚቆለፍ የዘመኑ ሽጉጥ ቢመረጥ መልካም ነው። ይህ እስኪሆን ድረስ ግን በመጋዘን ያለውን የብረት ሽጉጥ አሮጌ ነው ብሎ መጣል፣ ያለውን አጥቶ የሌለውን መጠበቅ ይሆናል። ይልቁንም ዓይነቱ በየዓይነቱ ተለይቶ ለየክፍሉ ይደልደል፤ ካዝናው ይፈተሽ፤ ቁጥሩ ይመዝገብ፤ ማታ ማታ ተቆጥሮ ወደ ግምጃ ቤት ይግባ።

ሽጉጥ በጦር ሜዳ ጦርነትን የሚወስን መሣሪያ አይደለም። በከተማ ውስጥ ግን ሰላምን ሊያደፈርስ የሚችል መሣሪያ ነው። በጁባ ጎዳና የሚያልፍ ነጋዴ፣ በመኮንኑ ወገብ ላይ ያለው ብረት ይሁን ፕላስቲክ አይጠይቅም። የእርሱ ጭንቀት ያ ሽጉጥ በማን ስም እንደተመዘገበና ከማን ትእዛዝ በቀር ከአፎቱ እንደማይወጣ ነው። ለዚህ ጥያቄ መልስ ያለው ሠራዊት በአሮጌውም በአዲሱም ይታመናል። መልስ የሌለው ግን የቱንም ቢታጠቅ ሕዝቡን ከሥጋት አያድንም።