የገና አባትና የሞኖፖሊ ካፒታል

ሞኖፖሊ ካፒታል ሸቀጡን ለማራገፍ ገበያውን መቆጣጠር ብቻ አይበቃውም። ሰፊው ሕዝብ በዘመናት ያፈራውንና ያለ ዋጋ ከትውልድ ወደ ትውልድ ያስተላለፈውን የደስታ ምልክት ጭምር የትርፍ ማካበቻ መሣሪያ ያደርገዋል። ለዚህ ግልጽ ማስረጃ የሚሆነው፣ ታኅሣሥ ሲገባ ቀይ ልብሱን ለብሶ በአዲስ አበባ ሱቆች ደጃፍ ሳይቀር የሚታየው የገና አባት ነው።

የዚህ ሽማግሌ የትውልድ ሐረግ ከኩባንያ ቢሮ አይመዘዝም። መነሻው በ4ኛው መቶ ዓመት በዛሬይቱ ቱርክ ምድር የሚራ ጳጳስ የነበረውና ለድሆች በስውር ይመጸውት እንደነበር በትውፊት የሚነገርለት ቅዱስ ኒኮላስ ነው። የሆላንድ ሕዝብ እስከ ዛሬ የጳጳስ ልብስ አልብሶ ያስበዋል። አሜሪካ ከተሻገረ በኋላ መልኩ እንደየሠዓሊው ይለያይ ነበር፤ አንዱ ቀጭን፣ ሌላው ድንክ ያደርገዋል። ቶማስ ናስት የተባለው ሠዓሊማ እ.ኤ.አ. በ1863፣ በእርስ በርሱ ጦርነት ወቅት፣ የባንዲራውን ኮከብና ሰንበር አልብሶ የሰሜኑን ሠራዊት ሰፈር ሲጎበኝ ሥሎታል።

ኮካ ኮላ በዚህ የሕዝብ ሀብት ላይ እጁን የዘረጋው ለበዓሉ ባለው ፍቅር አልነበረም። ቀዝቃዛ መጠጥ የሚሸጠው በሙቀት ወራት ነው፤ ብርድ ሲመጣ ገበያው ይቀንሳል። ይህን ክፍተት ለመድፈን ኩባንያው እ.ኤ.አ. በ1931 ሃዶን ሰንድብሎም የተባለ ሠዓሊ አሠማራ። ዘመኑ ታላቁ የኢኮኖሚ ቀውስ ሚሊዮኖችን ከሥራ ያፈናቀለበት ነበር። ሥራ አጡ ወዝአደር ለዳቦና ለሾርባ በተሰለፈበት አገር፣ ጉንጩ የቀላ፣ ቦርጩ የሞላ፣ ኮካ ኮላ የጨበጠ ደስተኛ ሽማግሌ በየመጽሔቱ ብቅ አለ። ሰንድብሎም እስከ 1964 ድረስ ሲሥለው ኖረ።

እዚህ ላይ አንድ ስሕተት መታረም አለበት። ቀዩን ልብስ የፈጠረው ኮካ ኮላ ነው እየተባለ በሰፊው ይወራል። ሐሰት ነው፤ ቀዩ ልብስ ከዚያ በፊት ነበር፤ ሌላ የመጠጥ ኩባንያም ሽማግሌውን ቀድሞ ለማስታወቂያ ተጠቅሞበታል። ኩባንያውን ባልሠራው መክሰስ አያስፈልግም። የሠራው፣ ሕዝቡ በብዙ መልክ ይሥለው ከነበረው አንዱን መርጦ፣ በገንዘቡ ኃይል ከሠላሳ ዓመታት በላይ እየደጋገመ ሌሎቹን ማስረሳት ነው።

የቀይ አፍንጫው አጋዘን የሩዶልፍ ታሪክ ደግሞ ለሠራተኛው ይበልጥ ቅርብ ነው። ሞንትጎመሪ ዋርድ የተባለው የቺካጎ የንግድ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1939 ለደንበኞቹ በነፃ የሚያድለውን የገና መጽሐፍ እንዲጽፍ የማስታወቂያ ክፍል ሠራተኛውን ሮበርት ሜይን አዘዘ። የሜይ ሚስት በካንሰር ታማ ነበር፤ ሥራው ሳያልቅም ሞተች፤ እርሱም በሕክምና ዕዳ ተዘፈቀ። መጽሐፉ በዚያው ዓመት በ2.4 ሚሊዮን ቅጂ ታደለ። ሜይ ግን ደመወዝተኛ ነበርና ድርሰቱ የአሠሪው ንብረት ሆነ። ድርጅቱ መብቱን የለቀቀለት በ1947 ነው። ዛሬ ልጆች ሩዶልፍን የሚያውቁት እንደ ጥንት ተረት ነው፤ የገበያ ማድመቂያ ሆኖ መወለዱን የሚነግራቸው የለም።

የእኛስ ገና? በገና ጨዋታ ዕለት ሎሌው ጌታውን በግጥም ቢሸነቁጠው አይቀጣም ነበር። በባላባታዊው ሥርዓት ውስጥ ጭቁኑ በዓመት አንድ ቀን አፉን የሚፈታበት ዕለት መሆኑ ቀላል ነገር አይደለም። ለጨዋታው የሚያስፈልገው ከዛፍ የተቆረጠ ቆልማማ ዱላና ሩር ብቻ ነው። ከዚህ ማንም የሚያተርፈው ስለሌለ ማስታወቂያ የሚሠራለት ኩባንያ አልተገኘም። የቀዩ ልብስና የፕላስቲኩ ዛፍ ግን ነጋዴ አላቸው፤ ወላጅም ልጁ ከጎረቤት ልጅ እንዳያንስ ከደመወዙ ቀንሶ ይገዛል። የየሰፈሩ ማኅበራት ከታኅሣሥ 29 በፊት ተሰብስበው ሊመክሩበት የሚችሉት አንድ ተግባራዊ ጉዳይ አለ፤ ሩሩ የሚመታበት ሜዳ በሰፈራቸው ቀርቷል ወይ? ከቀረስ ዱላውን ለልጆቹ የሚቆርጥላቸው ማነው?